ከመርሳ እስከ ድልብ ባለው መንገድ የተመልካች መቆሚያ ይበጅ





በአሜሪካና በጃፓን አገር በመጸው ወራት የዛፍ ቅጠል ሲቀላና ቢጫ ሲሆን ለማየት ብቻ ብሎ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ተራራ ለተራራ እንደሚዞር የሰማ የአገራችን ሰው ይስቃል። «ሊረግፍ ለደረሰ ቅጠል ቤንዚን ይቃጠላል ወይ?» የሚልም አይታጣም። እኔ ግን እዚህ መርሳ ተቀምጬ ሳስበው ነገሩ የሚያስቀና እንጂ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ይኸውም የዚሁ ዓይነት ወራት ለእኛም ስላለን ነው። የጎደለን ቆሞ መመልከቻው ስፍራ ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይዘልቃል። ከዚሁም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ፤ ምንም እንኳ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ጊዜ ቢሆን፣ ስሙን ያገኘው ከአበባ ነው። እንግዲህ ፈረንጆች ቅጠል ለማየት በሚወጡበት ሰሞን እኛም የአበባ ዘመን አለን ማለት ነው።

ቅጠሉን በሚመለከት በፈረንጅ አገርና በእኛ አገር መካከል ያለውን ልዩነት በአጭሩ ላስረዳ። በዚያ ቀኑ እያጠረ፣ ብርዱም እየበረታ ሲሄድ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይፈርስና ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፤ ቀዩ ግን በአንዳንድ ዛፍ ላይ በዚያው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። በእኛ አውራጃ ረዥሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ብቻ ስለሆነ፣ ዛፎቻችን ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ይልቁን ውሃ ሲጎድል ነው። ብሳናን የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሰፊው ቅጠሉ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይቀላና አንድ በአንድ ይወርዳል። ክትክታም በየገደሉ ፍሬው ሲቀላ ከሩቅ አበባ ይመስላል።

መንገዱን ለማያውቁት ልንገር። መርሳ 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች፣ በማንጎና በፓፓያዋ የምትታወቅ ሞቃት ከተማ ናት። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ በሲሪንቃ አልፎ ወልድያ ይገባል። በስተግራው ተራራው፣ በስተቀኙ ቆላው አብረውት ይሄዳሉ። በመስከረም የእርሻው ድንበርና የመንገዱ ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። በጥቅምት አደዩ ሲጠወልግ ማሽላው ተራውን ይረከባል፤ ነጩም፣ ቀዩም፣ ቡናማውም ራስ በአንድ ማሳ ላይ ተሰባጥሮ ይታያል። ኅዳር ሲብት ደግሞ ጤፉ ወርቅ ይመስላል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ከአብዮቱ ወዲህ በቻይና መንግሥት ርዳታ በተሠራው የወረታ መንገድ ወደ ድልብ የወጣ ሰው፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ማንጎና ማሽላውን ከታች ትቶ ገብስ አገር ይገባል፤ ብርዱ ጋቢ ያስፈልጋል። ዞር ብሎ ቢያይ የወጣበትን ሸለቆ ሁሉ ከእግሩ ሥር ያገኘዋል። በአንድ ጧት ሁለት ወራትን እንደማየት ነው፤ በአገራችን ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም ብል የመርሳ ሰው አዳላ ካልተባልኩ በስተቀር ደስ ይለኛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያይ መንገደኛ የት ይቁም? መቆሚያ ስለሌለ የሚቆመው ጠመዝማዛው ላይ ነው። ባለፈው ኅዳር አንዲት የቤት መኪና ጥምዝ ላይ ቆማ ወጣቶች ፎቶግራፍ ሲነሡ፣ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ከላይ መጥቶ በስንት መከራ ሲያልፋቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ከሥፍራው ፈቀቅ ያሉት ደግሞ ጤፍ ማሳ ውስጥ ገቡ። ባለማሳው አባት እየሮጡ ደርሰው «ልጆቼ፣ መልኩን በፎቶግራፍ ውሰዱት፤ ጤፉን ግን ተዉልኝ» አሏቸው። ልጆቹ አፍረው ይቅርታ ጠይቀው ወጡ፤ የተረገጠው ጤፍ ግን አልተነሣም።

ነገሩን ከዚህ የሚያከብደው ሌላም አለ። ይህ ቀለም የማንም ሳይሆን በቅሎ የሚኖር አይምሰለን። ቢጫው አደይ ከዓመት ዓመት የሚመለሰው ገበሬው ሳያርሰው በሚተወው ድንበር ላይ ዘሩን ጥሎ ስለሚያልፍ ነው። ያ ድንበር ከታረሰ፣ ወይም አበባው ዘር ሳይጥል ከታጨደ በሚመጣው መስከረም አይኖርም። ብሳናው ተቆርጦ ባሕር ዛፍ ከተተከለም፣ ባሕር ዛፍ ክረምት ከበጋ አንድ መልክ ነው። ገበሬውን አንወቅሰውም፤ ባሕር ዛፉ አጣና ሆኖ ይሸጥለታል፣ ከብሳናው መቅላት ግን የሚያገኘው ሳንቲም የለም። ተመልካቹ አይቶ ሳያተርፍለት የሚያልፍ ከሆነ፣ ስለምን ይተውልን?

በአሜሪካ አገር ብሉ ሪጅ የሚባለው የተራራ መንገድ 755 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት ጭምር ታስቦ ሲሆን፣ የተፈጸመውም እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የንግድ ጭነት መኪና አይገባበትም፤ በየመንገዱ ዳር መኪና አቁሞ መመልከቻ ስፍራ ተበጅቶለታል። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን መሬት ለገበሬዎች እያከራዩ እንዲያርሱትና እንዲያጭዱት ማድረጋቸው ነው፤ የእርሻው መልክ ከጠፋ ዕይታው እንደሚጠፋ ስላወቁ ይመስለኛል።

እኛ ያን ያህል አንጠይቅም። የእኛ መንገድ የአገር ጭነት የሚመላለስበት ስለሆነ ከባድ መኪና ይከልከል አንልም። ይህ አገር በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ክፉኛ የተጎዳ፣ ከዚያም ወዲህ ሥጋቱ ያልተለየው መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ከጎብኚ በፊት ሰላም መቅደም አለበት የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። ሆኖም ለመንገዱ ጥገና መሐንዲስ በሚላክበት ጊዜ፣ ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ አንድ፣ ወደ ድልብ በሚወጣው ዳገት ላይ ሁለት ስፍራ ከጥምዙ ራቅ ብሎ ተደልድሎ ጠጠር ቢፈስበትና መከለያ ቢደረግለት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዚያም የአካባቢው እናቶች ቡና እንዲያፈሉ፣ ልጆችም አስፋልት መካከል እየገቡ ማንጎና ፓፓያ በመስኮት ከሚሸጡ እዚያው ተቀምጠው እንዲሸጡ ይፈቀድላቸው። ለቦታው የሚከፈል ነገር ቢኖር ድንበሩን ሳያርስ ለተወው፣ ብሳናውንም ላልቆረጠው ባለማሳ ይድረሰው።

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይህን አንብቦ ስፍራውን የሚያይ ሰው ለመላክ ቢያስብ፣ በበጋ መጨረሻ ሳይሆን በጥቅምት እንዲልክልን እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ
ከመርሳ