ከምርት በኋላ መኪና ልትገዙ ነው? ሲሲውን ከመንገዳችሁ ጋር መዝኑት

ዛሬ ከስንዴና ከቡና ዋጋ ትንሽ ወጣ እንበል። ምርት ተሰብስቦ ብር እጅ ሲገባ በየዓመቱ የማትቀር ጥያቄ አለች፦ «ለቤተሰብ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ 1.0፣ 1.3 ወይስ 1.8?»

መጀመሪያ ዋጋው ከየት እንደመጣ እንይ። በድሮው የኤክሳይዝ ታክስ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይከፈል ነበር። ቫቱና ሱር ታክሱ በዚያ ላይ ይሰላል፤ ታክስ በታክስ ላይ ማለት ነው። የ2012ቱ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ ዛሬ በ1.3 እና በ1.8 መካከል የምታዩት ልዩነት ሁሉ የጥራት አይደለም፤ ከፊሉ የቀረጥ ቅሪት ነው።

ደላላ «1.3 ናት» ቢላችሁም ሊብሬውን አንብቡ። አንዱ ቪትዝ 1,298 ሲሲ ነው፣ በኋላ የመጣው ቅርጽ 1,329 ሲሲ ነው። በአፍ ሁለቱም 1.3 ናቸው፤ በድሮው ሰንጠረዥ ግን መደባቸው ለየቅል ነበር።

አሁን ወደ መንገዳችን። ኩየራ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮፈሌ ከ2,500 ያልፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ ሦስት ሲሊንደሯ 1.0 ቪትዝ ኮፈሌ ላይ ወደ 52 ትወርዳለች። አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጭናችሁ ዳገቱን ስትወጡ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ታለቅሳለች። ሻሸመኔ ደርሶ ለመመለስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ግን ምንም አይወጣላትም።

ነዳጁን እንዲህ አስሉት። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ በሊትር 15 የምትሄደው 1,000 ሊትር፣ በሊትር 10 የምትሄደው 1,500 ሊትር ትጠጣለች። የ500 ሊትሩን ልዩነት በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዙት።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ጋ ነው፦ የመግዣውን ልዩነት ወደ ኩንታል ስንዴ ቀይሩት። በታኅሣሥና በጥር እህል ርካሽ ነው፣ ወደ ክረምት ሲጠጋ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ትልቅ ሞተር ላይ የጨመራችሁት ብር መጋዘን ውስጥ መቀመጥ የነበረበት እህል ነው። መኪናው ሲቆም አይወልድም። ቡና ሰብሳቢ ከሆናችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ቀይ እሸት በጥሬ ብር ነው የሚገዛው።

የእኔ ምክር፦ ከተማ ለከተማ ለሆነ 1.0 ይበቃል። ቤተሰብ ጭኖ ኮፈሌ ለሚወጣ፣ አዳማ ለሚመላለስ 1.3 ሚዛኑን ይጠብቃል። 1.8 የሚያዋጣው በየሳምንቱ ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ነው።

ሲሲው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የደከመ ሞተር ኪሳራ ነው። ናሙና ሳታዩ እህል እንደማትገዙ ሁሉ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ራሳችሁ አስነሱት። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ከዚያ አምስት ሰው ጭናችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

መልካም ገበያ!