ዛፉ መጣ፣ ዕውቀቱ ቀረ

ከሱሉልታ ተነሥቶ በእንጦጦ ጋራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛን የባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበለዋል። ዛፉ በጣም ከመለመዱ የተነሣ ብዙዎቻችን የአገራችን ተወላጅ አድርገን እንቆጥረዋለን። ይሁን እንጂ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ ዋና ከተማ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ባጠራት ጊዜ ከአውስትራሊያ ዘሩ ተገኘ። ለመሆኑ ዛፉን ስናስመጣ፣ ከዛፉ ጋር የኖሩት ሰዎች ያካበቱትን ዕውቀት አብረን አምጥተናልን?

ትንሿ እሳት

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች (አቦርጅኖች) በዚያ ምድር ከ50 ሺህ ዓመታት በላይ ኖረዋል። በእነርሱ ዘንድ «አገር» ማለት አፈሩ፣ ውኃው፣ እንስሳቱና ሰዎቹ በዝምድና የተሳሰሩበት አካል ነው፤ ስለዚህም ይጦራል፣ ይጠበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ደርቆ ሲከማች ለቃጠሎ የተመቸ ይሆናል። በመሆኑም በብዙ ስፍራ ሽማግሌዎች፣ ሣሩ ርጥበቱን ሳይጨርስ፣ በትንሽ በትንሹ ዝቅተኛ እሳት ይለኩሳሉ።

ምሥጢሩ ፊዚክስ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለማትነን 2.3 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። እርጥቡ ሣር ይህን ሙቀት ከእሳቱ ስለሚቀማው ነበልባሉ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ የበጋው ብርቱ እሳት ሲመጣ ደግሞ የሚበላው አያገኝም። ወጣቶች ይህን የሚማሩት ከሽማግሌዎች ኋላ እየተከተሉ፣ የሣሩን ቀለምና የነፋሱን አቅጣጫ እያነበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በምዕራብ አርነም ምድር የተጀመረው ፕሮጀክት ይህንኑ ዕውቀት ከሳተላይት ምስል ጋር አጣምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ቅጠሉ ይቅር ወይስ ይጠረግ?

ይህን ስንል በእንጦጦ ላይ እሳት ይለኮስ ማለታችን አይደለም። የአገራችን ጥድ እሳት አይችልም፤ የአንዱ አገር ሥርዓት ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። የእኛ ችግር መልኩ ሌላ ነው። የወደቀው ቅጠል ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

እስቲ እናስላ። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 300 ቶን ውኃ ነው። ጠብታዎቹ በሴኮንድ 8 ሜትር ቢወርዱ፣ በድምሩ 9.6 ሚሊዮን ጁል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይዘው መሬቱን ይመታሉ። ይህም አንድ ቶን ጭነት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ነው። ረዥም ዛፍ ብቻውን ከዚህ አያድንም፤ ከ10 ሜትር ቅርንጫፍ ላይ የተንጠባጠበ ውኃ አብዛኛውን ፍጥነቱን መልሶ ያገኛልና። ዱላውን የሚችለው መሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠልና ቁጥቋጦ ነው። እንግዲህ ቅጠሉ ቢከማች እሳት፣ ቢጠረግ ጎርፍ ይሆናል። መጠኑን ማወቅ ነው ጥበቡ።

ከወጨጫ ሥር

ይህ ጥበብ በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። ከሰበታ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንዳስተከሉት ይነገራል። በደኑ ውስጥ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይገኛሉ። ንጉሥ ቢያስተክልም ደንን ለዘመናት የሚያቆየው ጠባቂ ትውልድ ነው። የአብያተ ክርስቲያናት ጥድና፣ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ጉባኤ የሚቀመጡበት ኦዳም የቆሙት ልጅ ከአባቱ «ይህ አይነካም» የሚለውን ስለተማረ ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። የእርሻው ማሳ ሰፈር ሲሆን፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ የሚያውቁት አዛውንት ዕውቀት የሚረከበው ያጣል። ጉዳቱም በትዝታ ብቻ አይቀርም። በቡራዩ አቅራቢያ ያለው ገፈርሳ የአዲስ አበባን ሕዝብ ውኃ ያጠጣል፤ ከተራቆተ ተዳፋት የታጠበ አፈር ወደ ግድብ በገባ ቁጥር ደግሞ የውኃውን ቦታ ይወስዳል።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ለሚማሩ ተማሪዎች አንድ ሥራ እንስጥ። በመጪው ክረምት ሁለት ነጭ ሰሌዳዎችን ከመሬት ጋር አስጠግታችሁ ትከሉ፤ አንዱን በተጠረገ፣ ሌላውን ቅጠል በለበሰ መሬት ላይ። ከዝናቡ በኋላ ጭቃው በእያንዳንዱ ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተረጨ ለኩ። ውጤቱን ይዛችሁም በሰፈራችሁ ወዳሉት አዛውንት ሂዱና ይህ ተዳፋት በልጅነታቸው ምን ለብሶ እንደነበረ ጠይቁ። ማስመሪያው በእጃችሁ አለ፤ መልሱ ግን በእነርሱ ዘንድ ነው፤ እነርሱም ሁልጊዜ አይገኙም።