መድፍ እንዴት ይጎርስ፣ እንዴት ይተኮስ ነበር?



ባለፈው ሰሞን ሱሉልታ ላይ በማታው ትምህርት «መ»ን ስንከልስ «መሬት፣ መጥረቢያ፣ መድፍ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሁሉም ጮክ ብለው አነበቡ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ መሬትንም መጥረቢያንም አውቃቸዋለሁ። መድፍን ግን አነበብኩት እንጂ አላወቅኩትም። አሠራሩ እንዴት ነው?» አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ አላውቀውም ነበርና። ሰበታና ቡራዩ ያሉ ጓደኞቼን ብጠይቅ እነሱም አያውቁም። ስለዚህ መጻሕፍት አገላብጬ የተረዳሁትን እነሆ እጽፍላችኋለሁ።

የማወራችሁ ስለ ዛሬ መድፍ አይደለም። በአፄ ቴዎድሮስ፣ በአፄ ዮሐንስና በአፄ ምኒልክ ዘመን ስለነበረው ነው።

መጀመሪያ ባሩዱን እንወቅ። የዚያን ጊዜው ጥቁር ባሩድ ከ3 ነገሮች ይሠራል። ከሰል፣ ድኝ እና አንድ ነጭ ጨው መሰል ነገር ናቸው። ነጩ ነገር ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ከብት ለብዙ ዓመት ካደረበት በረት አፈር ነው። አፈሩ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው በአመድ ውስጥ ይጠለላል፤ ከዚያ ይፈላል። ሲቀዘቅዝ ነጩ ነገር ከታች ይቀራል። ባሩዱን 100 እጅ ብናደርገው 75ቱ ይኸው ከበረት የመጣው ነው። 15ቱ ከሰል፣ 10ሩ ድኝ ነው። እኔማ ፍግ ለማሳ ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ባሩድ እሳት ሲነካው ባንድ አፍታ ነዶ ጢስ ይሆናል። ጢሱ ደግሞ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። ክዳኑ የተገጠመ ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ወደ ላይ እንደሚገፋው ሁሉ፣ ጢሱም ፊቱ ያገኘውን አረር ገፍቶ በመድፉ አፍ ያወጣዋል። መድፍ ማለት እንግዲህ አንድ ወገኑ የተደፈነ፣ አንድ ወገኑ የተከፈተ ወፍራም የብረት ወይም የነሐስ ቱቦ ነው።

ጠመንጃን አንድ ሰው ይተኩሰዋል። መድፍ ግን የደቦ ሥራ ነው፤ እዚህ ሱሉልታ «ጂጊ» እንደምትሉት ማለት ነው። ለአንድ መድፍ 7 ወይም 8 ሰው ያስፈልግ ነበር። እያንዳንዱ ቦታ አለው፣ ሥራም አለው። አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ይሞታል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1860 ዓ.ም. ገደማ የነበረው መድፍ ብዙው በአፉ በኩል የሚጎርስ ነበር። አንድ ሰው ረጅም ዘንግ ይይዛል። የዘንጉ ጫፍ በበግ ለምድ የተጠቀለለ ነው። ለምዱን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ወደ መድፉ ሆድ ያስገባና ይወለውላል። ለምን? ካለፈው ተኩስ የቀረ የከረጢት ቅዳጅ እየነደደ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በዚያ ፍም ላይ አዲስ ባሩድ ቢጨመር እዚያው ይነሳል። ስለዚህ ውሃ የሌለበት መድፈኛ ባሩድ ከሌለው መድፈኛ አይሻልም።

ቀጥሎ ሌላው ሰው ባሩዱን ያመጣል። ባሩዱ እንደ ጤፍ ዱቄት አይዘራም። ተመዝኖ፣ በጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። ከረጢቱ በመድፉ አፍ ይገባል። ባለ ዘንጉ ዘንጉን ገልብጦ በእንጨቱ ጫፍ እስከ ታች ይጠቀጥቀዋል። ከዚያ አረሩ ይገባል፤ እሱም ይጠቀጠቃል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። መድፉ ከበስተኋላው በላዩ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለው። እሳቱ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ባለ ዘንጉ ከፊት ሲወለውልና ሲጠቀጥቅ፣ ከኋላ የቆመ አንድ ሰው ቀዳዳዋን በአውራ ጣቱ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጣቱ እንዳይቃጠል ቆዳ ያጠልቅበታል። የቀጥቃጭ ወናፍ አይታችሁ የለም? ዘንጉ በመድፉ ሆድ ውስጥ ሲሄድ ልክ እንደ ወናፍ ነው። ቀዳዳዋ ከተከፈተች ንፋስ ሽው ይልና የተዳፈነውን ፍም ያነደዋል። ያን ጊዜ ባሩዱ ይፈነዳል፤ ዘንጉም የባለ ዘንጉን እጅ ይዞ ይሄዳል። በየአገሩ በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ መድፈኞች ብዙ ናቸው። ጣቱ ተቃጠለ ብሎ የሚያነሳ ሰው የወንድሙን እጅ ነው የሚቆርጠው።

አረሩ ከገባ በኋላ ባለ ጣቱ በቀዳዳዋ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ከረጢቱን ይበሳል። ቀዳዳዋንም በደቃቅ ባሩድ ይሞላል። በኋላ ዘመን ግን በገመድ ሲሳብ እሳት የሚጭር ትንሽ ቱቦ መጣ፤ እሱን ይሰካበታል። ከዚያ አለቃው ያነጣጥራል።

ማነጣጠሩ የራሱ ጣጣ አለው። መድፉ በ2 መንኮራኩር ላይ ነው የተቀመጠው። ከኋላው ደግሞ እንደ ሞፈር ያለ ረጅም ጭራ መሬት ይይዛል። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ለማዞር 2 ሰዎች ጭራውን ብድግ አድርገው ያንቀሳቅሱታል፤ እናንተ በትልም ጫፍ ላይ ሞፈሩን እንደምታዞሩት ነው። ሩቅ ለመጣል አፉ ከፍ ይላል፤ ለቅርብ ዝቅ ይላል። ወንጭፍ የወነጨፈ እረኛ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ጠላት ምን ያህል ይርቃል? ይህን ለማወቅ ቆጠራ ያስፈልጋል። መብረቅ መጀመሪያ ይታያል፤ ነጎድጓዱ ግን ቆይቶ ነው የሚሰማው። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከእንጦጦ አናት መድፍ ቢተኮስና ጢሱን አይታችሁ እስከ 15 ሴኮንድ ቆጥራችሁ ድምፁን ብትሰሙ፣ መድፉ ያለው 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። 15ን ለ3 ማካፈል ነው እንግዲህ። ባለፈው ሳምንት ማካፈል ምን ያደርግልናል ላላችሁኝ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ሲተኮስ ሁሉም ገለል ይላል። ምክንያቱም መድፉ እንደ ደነበረ ፈረስ ወደ ኋላ ይዘላል፤ ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው የቆመ ይደቃል። ጢሱ ደግሞ እንደ ሐምሌ ጭጋግ ይሸፍናቸዋል። ከዚያ መድፉን ገፍተው ወደ ቦታው ይመልሱታል፤ እንደገና ይወለውላሉ፤ እንደገና ያነጣጥራሉ። በደቂቃ 2 ጊዜ ከተኮሱ ጎበዞች ናቸው።

አረሩም ዓይነት አለው። አንዱ ድፍን የብረት ኳስ ነው። ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ እየነጠረ ሰልፉን ይመታል። በሐምሌ የሱሉልታ መስክ ላይ ቢወድቅ ግን ጭቃው ይውጠዋል እንጂ አይነጥርም። ሌላው ሆዱ ባሩድ የተሞላ ሲሆን ሄዶ ይፈነዳል። ሌላው ደግሞ ቆርቆሮ ውስጥ የታጨቁ ትንንሽ ጥይቶች ናቸው፤ ጠላት ሲቀርብ እንደ በረዶ ይዘንባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፦ ስታርሱ ዝገት የበላው ክብ ወይም ሾጣጣ ብረት ብታገኙ አትንኩ፤ ልጆችም አይቀጥቅጡት። በሆዱ ያለው ባሩድ ከ100 ዓመት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ምልክት አድርጋችሁ ለሚመለከተው ንገሩ።

ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከውጭ ከመለመን እዚሁ ይሠራልኝ አሉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ቦታ የሰፈሩትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ሙያተኞች መድፍ አቅልጣችሁ ሥሩ ብለው አዘዙ። ሰዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምሩ የመጡ ናቸው፤ መድፍ ሠርተው አያውቁም። መጀመሪያ አልሆነላቸውም። ከብዙ ሙከራ በኋላ ግን ተሳካ። ትልቁ «ሴባስቶፖል» ተባለ፤ ሩሲያ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ የተከበበችባት ከተማ ስም ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። እስቲ አስቡት፤ አንዲት በቅሎ 1 ኩንታል ስትጭን ታቃስታለች።

ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለመውሰድ ከ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት ድረስ 6 ወር ያህል ፈጀ። መንገድ አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሱ መንገድ ይጠርጉ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ገደል አውርደው አወጡት። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት። ሰዉ ሲጎትት የሚበላው ከየት ነው? በየመንገዱ ካለው ገበሬ ነው። የዚያን ጊዜ ገበሬ ጎተራ በስንት መድፍ እንደተራቆተ የጻፈ ሰው ብዙ የለም።

በዚያው ዓመት እንግሊዞች በጄኔራል ናፒየር እየተመሩ መጡ። ከባድ መድፎቻቸውን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አምጥተው ነበር። ለተራራው ግን ሌላ ብልሃት ነበራቸው። ትንንሽ መድፎቻቸው እየተፈቱ በበቅሎ ይጫኑ ነበር። ቱቦው ወደ 70 ኪሎ ነው፤ ለአንድ በቅሎ ይሆናል። ጭራውና መንኮራኩሩ፣ የጥይት ሣጥኑም ለሌሎች በቅሎዎች ይከፋፈላል። ሲደርሱ አውርደው ይገጥሙታል። አያችሁ፤ አንዱ ወገን ተራራውን ለመድፉ ሲያስተካክል፣ ሌላው መድፉን ለተራራው አስተካከለ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ። የቴዎድሮስ መድፎች ፋላ ከሚባለው ኮረብታ ወደ ታች ተኮሱ። ከላይ ወደ ታች ማነጣጠር ያልለመደውን ያሳስታል፤ አብዛኛው አረር ዒላማውን ሳተ። አንደኛው ትልቅ መድፍ ደግሞ ከልክ በላይ ስለጎረሰ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ቅድም «ባሩዱ ተመዝኖ ይመጣል» ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያው ወደቁ። ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚሆኑ ሞቱ። ከእንግሊዝ በኩል ግን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ናቸው። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል በጦርነቱ ላይ ምንም አልሠራም።

ከ8 ዓመት በኋላ አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን አሸንፈው መድፎቻቸውን ማረኩ። ይህን ባጭሩ ልለፈው፤ የምነግራችሁ የዓድዋው አለ።

በዓድዋ ዘመን የመድፍ ነገር ተለውጦ ነበር። አፄ ምኒልክ የፈረንሳይ ሥራ የሆኑ ሆችኪስ የሚባሉ መድፎች ነበሯቸው። እነዚህ በአፋቸው ሳይሆን በኋላቸው ነው የሚጎርሱት። ባሩዱና አረሩ በአንድ የናስ ቀለህ ውስጥ ታሽጓል። የኋላው መዝጊያ ይከፈታል፤ ጥይቱ ይገባል፤ ይዘጋል፤ ይተኮሳል። ውልወላ የለ፣ ጥቅጠቃ የለ፣ በጣት መድፈን የለ። ስለዚህ 1 መድፍ የብዙ መድፍ ሥራ ይሠራል። ችግሩ ጥይቱ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ነው፤ ባሩድ ከበረት አፈር ይወጣል፣ የሆችኪስ ቀለህ ግን ከበረት አይወጣም። ካለቀ አለቀ።

ሠራዊቱ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሳ፤ በወረኢሉ አድርጎ ዓድዋ እስኪደርስ 5 ወር ገደማ ተጓዘ። መድፉን የተሸከሙት በቅሎዎች ናቸው። የጭነት በቅሎ ጀርባዋ ከቆሰለ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። አንዲት በቅሎ ወደቀች ማለት አንድ መድፍ ጭራ አልባ ቀረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረሃብ ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ በቅሎ የሰጠ ቤት ትልቅ ነገር ነው የሰጠው። ሴቶቹም ውሃና ስንቅ እየተሸከሙ አብረው ዘምተዋል።

የምኒልክን መድፈኞች የመሩት በጅሮንድ ባልቻ ናቸው፤ በኋላ ደጃዝማች የተባሉት፣ አዲስ አበባ ያለው የባልቻ ሆስፒታል በስማቸው የተሰየመላቸው። እቴጌ ጣይቱም የራሳቸው መድፈኞች ነበሯቸው። የኢትዮጵያ መድፎች ሁሉ ተደምረው 40 ያህል ናቸው። ጣሊያኖች 56 ነበሯቸው። በቁጥር እነሱ ይበልጣሉ፤ ሆችኪሶቹ ግን ፈጣኖች ናቸው።

የካቲት 23 ቀን ሲነጋ አልቤርቶኔ የሚባለው ጄኔራል ከጓደኞቹ ተነጥሎ ወደ ፊት ራቀ። 14 መድፍ ይዟል። መጀመሪያ የእሱ መድፎች የኛን ሰው ክፉኛ ጎዱት። የኛዎቹ ግን መድፎቻቸውን ከፍታ ላይ ጠምደው መለሱለት፤ እግረኛውም በየድንጋዩ እየተከለለ ተጠጋ። መድፈኛ ሰው ሲጠጋው ጭንቅ ነው። ጭራውን የሚያዞረው፣ ጥይቱን የሚያቀብለው ሁሉ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ከመድፉ ኋላ ሊተኛ አይችልም። በመድፉ ዙሪያ ያሉት ሲወድቁና በቅሎዎቹ ሲሞቱ መድፉን የሚያነሳው የለም። ረፋዱ ላይ የአልቤርቶኔ ጦር ፈረሰ፤ እሱም ተማረከ። ማታ ላይ የጣሊያን 56 መድፍ በሙሉ እዚያው ቀርቶ ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁን ጨምሮ ከኛም ወገን ብዙ ሺህ ሰው ወድቋል።

እኚያ የጠየቁኝ አባት ይህን ሁሉ ካነበብኩላቸው በኋላ «ታዲያ አንዱን በዓይኔ የት አየዋለሁ?» አሉኝ። ከሱሉልታም፣ ከሰበታም፣ ከቡራዩም ለገበያ አዲስ አበባ ስትገቡ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆም በሉ። እዚያ ያለው የሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ ዋናው መቅደላ አምባ ላይ ነው ያለው። አፉ አጭርና ሰፊ ሆኖ ወደ ሰማይ የዞረው እንዲያው ለማማር አይደለም። እንዲህ ያለው መድፍ አረሩን ወደ ላይ ወርውሮ ከግንብ ወዲያ እንዲወድቅ ነው የተሠራው። መለያ ጽሑፍ ካለውም ራሳችሁ አንብቡት።