የባሪ ቋንቋ ምንጮች ፍለጋ፦ ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የቀረበ የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ማብራሪያ

1. መነሻ

ስለ ባሪ ቋንቋ ሊያጠና የተነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ማውጫ ላይ የቋንቋውን ስም ብቻ ጽፎ ቢፈልግ፣ ከሚያገኛቸው ነገሮች አብዛኞቹ በደቡብ ጣሊያን የምትገኘውን የባሪ ከተማ የሚመለከቱ ይሆናሉ። ከእነርሱም ጋር በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ያለው የባሪ አውራጃ፣ እንዲሁም በኮሎምቢያና በቬኔዝዌላ ድንበር የሚኖር ባሪ የተባለ ሌላ ሕዝብ ተቀላቅለው ይመጣሉ። በጁባና በአካባቢዋ፣ በነጭ ዓባይ ግራና ቀኝ የሚነገረው የምሥራቅ ናይሎቲክ ቋንቋ በዚህ ክምር ውስጥ ይደበቃል።

ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ «ባሪ ያልተጠና ቋንቋ ነው» ብሎ በንድፈ ሐሳቡ መግቢያ ላይ ቢጽፍ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ባሪ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ሰዋስው የተጻፈለት ቋንቋ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀደመውን ሥራ ሳያይ ወደ መስክ የሚወጣ ተመራማሪ በመስክ ያለውን አጭር ጊዜና የተናጋሪዎቹን ትዕግሥት አስቀድሞ የተሰበሰበ የቃላት ዝርዝር እንደገና በመሰብሰብ ይጨርሰዋል። ለቃና፣ ለአናባቢ ስምምነትና ለግስ እርባታ የሚገባው ሥራም ሳይሠራ ይቀራል። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ከመስክ ሥራ በፊት የሚመጣ፣ የጥናቱም አካል የሆነ ተግባር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የባሪን ምንጮች እንደ ምሳሌ ወስዶ ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ማስረዳት ነው። በአገራችን በታችኛው ኦሞ የሚነገረው ኛንጋቶም የምሥራቅ ናይሎቲክ ቋንቋ በመሆኑ የባሪ ዘመድ ነው፤ በጋምቤላ የሚነገሩት ኑዌርና አኝዋም ራቅ ብለው ይዛመዱታል። በእነዚህ ላይ የሚሠራ ተማሪ ስለ ባሪ የተጻፈውን ለንጽጽር ይፈልገዋል። የፍለጋው መንገድም ለእነርሱ ያገለግላል።

2. በስንት ስም እንፈልግ?

የመጀመሪያው ችግር የስም ነው። ከባሪ ጋር እጅግ የሚቀራረቡት ኩኩ፣ ካክዋ፣ ፖጁሉ፣ ኛንግዋራና ሙንዳሪ በአንዳንድ ጸሐፊዎች ዘንድ የባሪ ዘዬዎች፣ በሌሎች ዘንድ ራሳቸውን የቻሉ ቋንቋዎች ተብለው ተቈጥረዋል። አጻጻፋቸውም ይለያያል፤ ፖጁሉ ፋጁሉና ፋጄሉ፣ ኛንግዋራ ኛንግባራ፣ ሙንዳሪ ደግሞ ማንዳሪና ሞንዳሪ ተብሎ ተጽፏል። ማውጫ የሚያገኘው የተጻፈለትን ቃል ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ አጻጻፍ ለየብቻ መፈለግ አለበት።

ከስም ይልቅ የሚታመነው የቋንቋ መለያ ኮድ ነው። በአይኤስኦ 639-3 ሥርዓት የባሪ ኮድ ቢኤፍኤ፣ የካክዋ ኬኢኦ፣ የማንዳሪ ኤምኪውዩ ሲሆን፣ የደቡብ አሜሪካው ባሪ ኤምኦቲ ተብሎ ይለያል። የቋንቋ መረጃ ቋቶች በዚህ ኮድ ሲፈለጉ የጣሊያኑም ከተማ የሶማሊያውም አውራጃ ይወገዳሉ። ጠቅላላ የቤተ መጻሕፍት ማውጫዎች ግን ኮዱን ሁልጊዜ ስለማይጠቀሙ «የባሪ ቋንቋ» የሚለውን የርዕሰ ጉዳይ መጠሪያ መጠቀም ይሻላል።

ሁለተኛው የቋንቋ ምደባው ስም ነው። ተከርና ብራያን በ1956 ባሳተሙት ሥራ ባሪ «ናይሎ-ሐማዊ» በተባለው ክፍል ሥር ይገኛል። ግሪንበርግ በ1963 ባቀረቡት ምደባ ይህ ስያሜ ተትቶ ባሪ ከምሥራቅ ናይሎቲክ ተመድቧል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ በፊት የታተመውን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ማንም የማይቀበለውን አሮጌ ስያሜ ለፍለጋ ሲል መጻፍ ይገባዋል።

ሦስተኛው የቦታው ስም ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ አገር እስከሆነች ድረስ መጻሕፍቱ በሱዳን ሥር ይመዘገቡ ነበር፤ ከዚያም በፊት በእንግሊዝ-ግብፅ ሱዳን፣ በሞንጋላ ክፍለ ሀገር፣ በኢኳቶሪያ፣ በላዶ ወይም በጎንዶኮሮ ስም። አሮጌ መዝገቦች ሁሉ ስለማይታደሱ በአዲሱ የአገር ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ የ19ኛውንና የ20ኛውን መቶ ዘመን ሥራ በብዛት ያጣዋል።

3. የምንጮቹ ቅደም ተከተልና የሚገኙበት መደርደሪያ

ስለ ባሪ የተጻፉት ዋና ዋና ሥራዎች በተለያዩ አገሮችና ቋንቋዎች የታተሙ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በጎንዶኮሮ በነበረው የኦስትሪያ ካቶሊካዊ ሚስዮን አማካይነት የቃላትና የጽሑፍ ስብስቦች ወደ አውሮፓ ሄዱ። ፍሪድሪሽ ሙለር በ1864 በቪየና፣ ሚተርሩትስነር ደግሞ በ1867 በብሪክሰን የባሪን ቋንቋ የሚመለከቱ ሥራዎች በጀርመንኛ አሳተሙ፤ የሁለተኛው ሥራ ሰዋስው፣ ጽሑፍና መዝገበ ቃላት የያዘ ነው። በ1908 የኦወን ሰዋስውና የቃላት ስብስብ በእንግሊዝኛ ታተመ። በ1928 ከጁባ አጠገብ በምትገኘው በረጃፍ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ባሪ ለትምህርት ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ከዚያም ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ስፓኞሎ በ1933 ሰዋስው፣ በ1960 የባሪ፣ የእንግሊዝኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት በቬሮና አሳተሙ። የፎሰን የምሥራቅ ናይሎቲክ ንጽጽራዊ ጥናት በ1982 በበርሊን ወጣ፤ ዮክዌ በ1987 ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ድርሳን የባሪን ቃናዊ ሰዋስው የሚመረምር ነው።

እነዚህ በዲዊ የመደብ ሥርዓት 496 በሚጀምረው የአፍሪካ ቋንቋዎች ክፍል፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ደግሞ ፒኤል በሚለው ምድብ ይገኛሉ። ሆኖም ለቋንቋ አጥኚ የሚጠቅመው ሁሉ እዚያ አይቀመጥም። ሴሊግማኖች በ1928 ስለ ባሪ ያወጡት መጣጥፍ፣ ቡክስተን በ1963 ስለ ማንዳሪ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ሲሞንሴ በ1992 ስለ ዝናብ ነገሥታቱ የጻፉት ሥራ ለማኅበራዊ ሳይንስ በተመደበው በ300ዎቹ ዘንድ ይፈለጋሉ። በውስጣቸው ግን የዝምድና፣ የሥርዓተ አምልኮና የከብት እርባታ ቃላት አሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕሞች፣ ለአገባብ ጥናት ሰፊ ተከታታይ ጽሑፍ የሚሰጡት፣ በ200ዎቹ ይቀመጣሉ። ከ1918 ጀምሮ ይታተም የነበረው የሱዳን ማስታወሻዎችና መዛግብት መጽሔት ደግሞ በመጽሔቶች ክፍል ነው። ስለ ጁባ ዓረብኛ የተጻፉትም መታለፍ የለባቸውም፤ ባሪ በዚያ ቋንቋ አፈጣጠር ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በእነርሱ ውስጥ ይመረመራል።

4. በማውጫ የማይታዩት

በጋራ ቅጽ ውስጥ የወጣ መጣጥፍ በመጽሐፍ ማውጫ ላይ በራሱ ርዕስ አይታይም። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ከ1981 ጀምሮ በጁባ ዩኒቨርሲቲና በኤስአይኤል ትብብር መውጣት የጀመረው፣ በሱዳን ቋንቋዎች ጥናት ላይ ያተኰረው ተከታታይ ኅትመት ነው። ማውጫው የሚያሳየው የቅጾቹን ስም ብቻ ስለሆነ ተማሪው የእያንዳንዱን ቅጽ ዝርዝር ይዘት ማንበብ አለበት።

የጁባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክም በፍለጋው ላይ የራሱ አሻራ አለው። በ1975 የተመሠረተው ይህ ተቋም በጦርነቱ ምክንያት በ1989 ወደ ካርቱም ተዛውሮ፣ ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ጁባ ተመለሰ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተሠራ ሥራ የኅትመት ወይም የማስረከቢያ ቦታው ካርቱም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ «ጁባ» በሚል ቃል ብቻ የፈለገ አያገኘውም።

የሚስዮንና የአስተዳደር ወረቀቶችም እንዲሁ በተለያዩ አገሮች ናቸው። የኮምቦኒ ሚስዮናውያን መዝገብ በሮም፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ወረቀቶች በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ የሱዳን መዝገብ ስብስብ በዱራም ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ካክዋና ኩኩ በኡጋንዳም ስለሚነገሩ በካምፓላ የሚገኘውን የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ማውጫ ማየት ይገባል።

5. አገልግሎቱን መጠየቅ

ብዙ ተማሪዎች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን የሚያነጋግሩት መጽሐፍ ሲዋሱና ሲመልሱ ብቻ ነው። የማጣቀሻ ክፍሉ ባለሙያ ግን የርዕሰ ጉዳይ መጠሪያዎቹን፣ የተቋሙን የመረጃ ቋት ደንበኝነትና ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ የሚጠየቅበትን መንገድ ያውቃል። ጥያቄው ግን የተሟላ መሆን አለበት፦ የደራሲው ስም፣ ርዕሱ በታተመበት ቋንቋ፣ ዓመቱ፣ የኅትመት ቦታው፣ የሚፈለጉት ገጾች። «ስለ ባሪ ሰዋስው ያለ ነገር» የሚል ጥያቄ ሲጉላላ፣ «የስፓኞሎ ሰዋስው፣ ቬሮና፣ 1933፣ የግስ ምዕራፍ» የሚለው በአጭር ጊዜ ሊመለስ ይችላል።

ከግዢ በፊት ነፃው ይፈተሽ። የ1864ና የ1867 ሥራዎች የቅጂ መብት ዘመናቸው ስላለፈ በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሊፈለጉ ይገባል። ለመጽሔቶች፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ፕሮግራም በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ላሉ ተቋማት መዳረሻ ይሰጣል፤ የይለፍ ቃሉ የሚገኘው ከተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ ተማሪው ሊጠይቅ ይገባል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ግቢ የተገኘውን ፋይል ወዲያውኑ ማውረድና በደራሲ ስምና በዓመት ሰይሞ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው።

ዲጂታል ቅጂ ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በባሪ አጻጻፍ ወደ ውስጥ የሚሳቡት ድምፆች በፊደሉ ፊት በሚደረግ ጭረት ይለያሉ፤ የላንቃ ሰርን የሚያመለክት ልዩ ፊደልም አለ። ገጹን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም ጭረቱን ሊጥለው፣ ልዩውን ፊደል በተራው «ን» ሊተካው ይችላል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማጣት ቃሉ በመጽሐፉ የለም ማለት አይደለም፤ ገጹን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ባሪ የቃና ቋንቋ ሲሆን የተለመደው አጻጻፍ ቃናን ስለማያመለክት፣ ከአሮጌ ጽሑፍ የተወሰደ ቃል ሁሉ ከተናጋሪ አፍ ተሰምቶ ካልተረጋገጠ ለቃና ትንተና ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ወደ መስክ የሚወሰደው ዝርዝር እንግዲህ ይኸው ነው፤ በመጻሕፍት ያለው ተለይቶ፣ የጎደለው ምልክት ተደርጎበት።

6. ማስረከብ

ከላይ የታየው መበታተን የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2023 በሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሏል። ጁባም በ2013ና በ2016 ውጊያ አይታለች። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ቅጂ ከዚያ ቦታ ዕጣ ጋር ይጠፋል።

ስለዚህ ስለ ባሪ ድርሳን የሚጽፍ ተማሪ በራሱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስረክበው ቅጂ ብቻውን በቂ አይደለም። ሁለተኛ ቅጂ ለጁባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ዲጂታል ቅጂ ደግሞ ለክፍት የድርሳን ማኅደር ሊደርስ ይገባል። የድምፅ ቅጂዎቹና ቃና የተመለከተባቸው የቃላት ዝርዝሮች፣ ተናጋሪዎቹ በፈቀዱት መጠን፣ አብረው ይቀመጡ። በርዕሱ ወይም በአኅጽሮተ ጥናቱ ላይ የቋንቋው ስም ከሌሎች አጻጻፎቹ ጋር፣ የመለያ ኮዱ፣ የአገሩና የአካባቢው ስም ይጻፍ። ይህ ሲደረግ በጁባ ያለ ቀጣዩ የባሪ ተናጋሪ ተማሪ ስለ ገዛ ቋንቋው የተጻፈውን በከተማው ሆኖ ለማንበብ ይችላል።