ለነሐሴ የሚመጥን ሩጫ

ነሐሴ ላይ ደብረ ታቦር ውስጥ ለማራቶን የሚለማመድ ሰው ሁለት ነገር ይጋጭበታል። ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ለሩጫ የሚመቸው ጠዋት ነው። ጾመ ፍልሰታ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አያስቀምስም፤ ጠዋት የሮጠ ሰው የወጣውን ላብ ሳይተካ ይውላል። እንግዲያው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን ብንል፣ ያን ጊዜ በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ ይጀምራል። በተማርኩባቸው የስፖርት ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ይህን የሚፈታ ምዕራፍ የለም። የምንሠራበትን መልስ ያገኘነው እዚሁ፣ ከሚሮጡትና ከሚጾሙት ሰዎች ጋር እየተነጋገርን ነው።

ሙያዬ ማሠልጠን ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ግን ብዙዎቹ አትሌት ለመሆን የሚፈልጉ አይደሉም። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ሽልማት አይጠብቁም፤ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትርን በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ሮጠው መጨረስ ይፈልጋሉ። ዛሬ የማነሳው ከእነሱ መካከል የአንዲት ነርስን የነሐሴ ሳምንት ነው። ዕድሜዋ ከሠላሳ አልፏል፤ የልጆች እናት ናት፤ ተራዋ ሲደርስ ሆስፒታል ታድራለች። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ወርዳ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ማራቶኑ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

መጀመሪያ ስትመጣ በስልኳ ይዛው የነበረው የአንድ ታዋቂ አትሌት የሳምንት ፕሮግራም ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ሩጫ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የፍጥነት ሥራ፣ በመጨረሻም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ረጅም ሩጫ። በፕሮግራሙ ላይ የምነቅፈው ነገር የለም። ያ አትሌት ግን በጠዋቱና በማታው ልምምድ መካከል ይተኛል፤ ምግቡ ተሠርቶ ይጠብቀዋል፤ እግሩን የሚያሽለት ባለሙያ አለው። እሷ በሁለቱ መካከል ስምንት ሰዓት ቆማ ትሠራለች። ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ በሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ የእሷ ቀን ደግሞ ያን ሰዓት አይሰጣትም። ስለዚህ የሩጫ ቀኖቿን በሳምንት ሦስት አደረግናቸው። ሌሊት አድራ የወጣች ዕለት አትሮጥም፤ ትተኛለች። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ቀስ ብሎ መሮጥን ማስተማር ነው። የጀግና አትሌቶች አገር ሰዎች ነን፤ ሩጫ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው በቴሌቪዥን ያየነው የመጨረሻው ዙር ነው። ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ወይም ሱሉልታ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። በዓለም አደባባይ ያሸነፉ ሰዎች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ ማንኛውም ጤነኛ ወጣት ሊከተላቸው በሚችል ፍጥነት ይሮጣሉ። ከባዱ ቀን ከባድ እንዲሆን ቀላሉ ቀን ቀላል መሆን አለበት። ጀማሪው ሁሉንም ቀን መካከለኛ ያደርገዋል፤ አያርፍም፣ አይፈጥንም፤ ጥቂት ሳምንት እንደሄደ ቅልጥሙ መታመም ይጀምራል።

«አሠልጣኝ፣ ይህማ እርምጃ ነው!» አለችኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት።

«እንግዲያው እየተራመድሽ አውሪኝ» አልኳት።

መለኪያችን ይኸው ነው። ከጓደኛ ጋር የሚሮጥ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጥ ማውራት ከቻለ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ብቻዋን ስትሆን አቡነ ዘበሰማያትን ድምፅ አውጥታ ትደግማለች፤ መካከል ላይ ትንፋሽ ካጠራት ፍጥነቷን ትቀንሳለች። በእጅ ሰዓት ላይ ከሚነበበው የልብ ምት ይልቅ ይህን አምናለሁ፤ ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ፍጥነቷ እንዳያሳፍራት አንድ ታሪክ ነገርኳት። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ማሞ ወልዴ ወርቅ ያገኘው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው። ስምንት ደቂቃ የዘገየ ሰው ሁሉንም ቀድሞ ገባ። ለልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ከፍታው ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት። ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ለምዶታል፤ ቢሆንም ሕጉ አይቀርለትም። ሮተርዳም ወይም በርሊን ላይ የተሮጠን የኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉና ሥር ካልደገምኩ የሚል ሰው ራሱን ያለ ምክንያት ይቀጣል።

ከዚያው ከሜክሲኮ ውድድር ሁልጊዜ የማነሳው ሌላም ነገር አለ። ተለማማጆቼ አመመኝ ማለት ሲያሳፍራቸው የሚጠቅሱት ቶኪዮን ነው፤ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንዳሸነፈ ሁሉም ያውቃል። ያው አበበ እግሩን ታሞ በገባበት በሜክሲኮ ማራቶን 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ እንደወጣ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ሕመሙን ሰምቶ ካቆመ፣ የእኛ ነርስ ጉልበቷ አብጦ ወደ ቤቷ ብትመለስ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ወደ ነሐሴው ሳምንት ልመለስ። ጾሙን በተመለከተ ደንቤ ግልጽ ነው፤ ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። እሱ የሯጩና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። የእኔ ድርሻ ልምምዱን ለጾመኛ ሰው የሚስማማ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከነሐሴ 1 ጀምሮ የፍጥነት ሥራ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። የሥራ ቀን ሩጫዎቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ40 ደቂቃ አያልፉም፤ የሚሮጡትም ጠዋት ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሩጫውም ቀላል ስለሚሆን የሚወጣው ላብ ጥቂት ነው፤ ማታ በደንብ ጠጥቶ ያደረ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይችለዋል። ራስ ማዞርና ከወትሮው የጠቆረ ሽንት ከታየ በማግስቱ ሩጫ የለም።

ረጅሙን ሩጫ ያዳነልን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜና እሑድ የምግቡ ዓይነት ይጾማል እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሮጣ ስትመለስ ወዲያው ውሃ መጠጣትና መብላት ትችላለች። ከዓመታት በፊት ረጅሙን ሩጫ ለሁሉም ሰው እሑድ ነበር የምናደርገው፤ የደብረ ታቦር ነሐሴ ወደ ቅዳሜ አዛወረው።

ኪሎ ሜትር የማልቆጥረው ስለ መሬቱ ነው። ዝናብ ባደረበት ጠዋት ቀዩ አፈር ከጫማ ሥር እየተጋገረ ይከብዳል። ሯጩ እግሩን ማንሳት ሲያቅተው ከወገቡ እየሳበ መሄድ ይጀምራል፤ የዳሌና የወገብ ሕመም ይዘው የሚመጡት በዚህ ወር የሚበዙትም ለዚህ ነው። አስፋልቱ አይንሸራተትም፤ ግን ለቅልጥም ይጠነክራል፤ መኪናም አለበት። የሚሻለው ውሃ የማይቋጥር ሣር ወይም ድንጋዩ ያልበዛ ኮረኮንች ነው። ሣሩ ላይ 40 ደቂቃ መሮጥ አስፋልት ላይ 40 ደቂቃ ከመሮጥ በኪሎ ሜትር ያንሳል፤ ልብና ሳምባ ግን የሠሩት ሥራ እኩል ነው።

የእሷ ጫማ ከሳልባጅ የተገዛ ነው፤ ነውር የለበትም። ስንመርጥ ሶሉን በአውራ ጣት ተጭነን እናያለን፤ ተጭኖ የማይመለስ ከሆነ ስፖንጁ ሞቷል፤ ላይኛው ክፍል አዲስ ቢመስል እንኳ አንገዛውም። ሲርስ ጭቃው በእንጨት ይፋቃል፤ የውስጥ መርገጫው ተለይቶ ይወጣል፤ ውስጡ ጋዜጣ ይጠቀጠቃል፤ ጋዜጣው ውሃውን ሲስብ በደረቅ ይለወጣል። ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቀዋል፤ ጫማው በሚቀጥለው ሩጫ አፉን ይከፍታል።

ቁልቁለቱንም ላንሳ። ከደብረ ታቦር በዓለም በር አድርጎ ወረታ ድረስ ያለው መንገድ ርቀቱ ወደ ማራቶን ይጠጋል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ወደ ፎገራ ሜዳ ብዙ መቶ ሜትር ይወርዳል። ወጣቶቹ «ሮጠን ወርደን በሚኒባስ እንመለሳለን» ይሉኛል። ቁልቁለት ትንፋሽ ስለማያስጨንቅ ቀላል ይመስላል። ጭን ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት እየያዘ ይለጠጣል፤ የጡንቻው ክር በጥቂቱ ይበጣጠሳል፤ ሕመሙም የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን ደረጃ መውረድ ያቃታት ነርስ በሽተኛ ልታነሳ አትችልም። ቁልቁለት የምንለማመደው በአጭሩ፣ ለዚያውም ከጾሙ በኋላ ነው።

ምግቡን የሚያቀርብልን አካባቢው ነው። የፋርጣ ድንችና የጉና ገብስ ለሯጭ የተመቹ ናቸው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ በሶ ተበጥብጦ፣ ከዚያ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ማታ የተቀቀለ ድንች ወይም የፎገራ ሩዝ። ተልባም ይጨመራል። ሴት ሯጮች ላይ የምጠነቀቀው ብረት ነው፤ በከፍታ የሚሮጥ ሰው ደሙ ብዙ ብረት ይፈልጋል፤ በጾም ወራት ደግሞ ሥጋ የለም። ጤፍና ምስር ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ምግቡ ሳይወርድ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግደዋል። ቡናውን ቢያንስ በአንድ ሰዓት አዘግዩት። እርካታ የማይሰጥ እንቅልፍና ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መመርመር ይገባል፤ ይህን በሩጫ ፕሮግራም ማስተካከል አይቻልም።

ቡሄ በሳምንቱ በየትኛው ቀን ቢውል ዕረፍት ነው። ደብረ ታቦር ስሟን የተጋራችው በዓል ነው፤ ልጆቹ ጅራፍ እያጮሁ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ በሚውሉበት ቀን እናታቸው ከቤት መጥፋት የለባትም። ያመለጠውን ሩጫ በማግስቱ ደርቦ መሮጥም የለም። አንድ ቀን ያረፈ ማራቶን አይጠፋበትም።

ለደኅንነት ሦስት ነገር እናከብራለን። ጎህ ሳይቀድ አንወጣም፤ ጊዜው የሚያስተማምን አይደለም፤ ሴት ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ይብሳል። የእረኛ ውሻ ባለበት ሩጫውን አቁመን ተራምደን እናልፋለን። ነጎድጓድ ከተሰማ ልምምዱ ያበቃል፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይቀጥልም፤ ብቻውን በቆመ ባሕር ዛፍ ሥርም አንጠለልም።

እንዲህ ስንሠራ በነሐሴ የሚሮጠው ጠቅላላ ደቂቃ ከሰኔው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። አንዳንዱ ክረምቱ ባከነ ብሎ ያዝናል። በዓመቱ ውስጥ ሰውነት የሚያርፍበት ወቅት ሊኖር የግድ ነው፤ እኛ ጋ የቀን መቁጠሪያውና ሰማዩ ተስማምተው መርጠውልናል። ነሐሴን ቀስ ብለው የተሻገሩ ተለማማጆቼ መስከረም ላይ ጤነኛ ሆነው ይመጣሉ፤ ነሐሴን የታገሉት ደግሞ መስከረም ላይ እግራቸውን ያስታምማሉ።

ጾሙ ነሐሴ 16 ይፈታል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት የነርሷ የቅዳሜ ሩጫ በ10 ደቂቃ ይጨምራል፤ የቀረው ፕሮግራም እስከ መስከረም እንዳለ ይቆያል።