ትንፋሽ፣ ደም ግፊትና የታመመ ኩላሊት

በዚህ እትም የማነሳው ጉዳይ ከራሳችሁ የመጣ ጥያቄ ነው። ካባላጋላም ሆነ ንሳምብያ ስንገናኝ «በትንፋሽ ልምምድ ደም ግፊት ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። አዎ፣ እውነትነት አለው። ግን ግማሹን ብቻ ሰምቶ መጀመር ምን እንደሚያስከትል በዓይኔ ስላየሁ ከዚያ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት በቤት ለቤት ጉብኝት ላይ ደም ግፊትም የኩላሊት ችግርም ላለባቸው አንድ አባት ስለ ቀስ ያለ አተነፋፈስ ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስመለስ እግራቸው አብጦ፣ ግፊታቸው 190/110 ደርሶ አገኘኋቸው። «ምነው አባባ፣ ኪኒኑስ?» ብላቸው «ልጄ፣ አንቺ ባሳየሽኝ ትንፋሽ ተክቼዋለሁ፤ ኪኒኑን ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። «ይጠቅማል» ስላቸው «ከኪኒኑ ጋር» የሚለውን አስረግጬ አልነገርኳቸውም። የዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ወሰድናቸው። ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

ኩላሊት ደምን የሚያጣሩ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች የታጨቁበት አካል ነው። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ እነዚህ ሥሮች ይጎዳሉ። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውኃን እንደሚገባ አያስወጣም፤ የደም ሥርን የሚያጠቡ ሆርሞኖችም እንዲበዙ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ግፊቱ ይብስ ይወጣል፣ ኩላሊቱም ይብስ ይጎዳል። መጀመሪያ ላይ ሕመም ስለሌለው ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ መቀመጥ ማለት ነው። በካምፓላ በኪሩዱ ሆስፒታል የመንግሥት የእጥበት ክፍል አለ። ከሠፈራችሁ እዚያ ድረስ በየሳምንቱ የሚከፈለውን የቦዳ ቦዳ ሒሳብ አስቡት። ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015፣ እዚህ በሙላጎ ደግሞ በ2023 መጨረሻ ተጀምሯል፤ ለአብዛኞቻችን ግን ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ ግፊትን ቀድሞ ማውረድ ትልቁ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ትንፋሹ እንምጣ። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ የሚሠራው ዋናው ጡንቻ ድያፍራም ይባላል፤ ከሳንባ በታች፣ ደረትንና ሆድን የሚለይ ጡንቻ ነው። እንደ ክንድና እግር ጡንቻ ሁሉ በሥራ ይጠነክራል። ለዚህ የተሠራ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ አለ። አፍ ላይ ተደርጎ አየር ሲሳብበት ይከብዳል፤ በጠባብ ቀሰም ወፍራም አጥሚት የመሳብ ያህል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ 36 ሰዎችን አጠኑ። ግማሾቹ በቀን 30 ጊዜ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ሳምንት በከባዱ መሣሪያ ሳቡ፤ ሌሎቹ በቀላሉ ሳቡ። በየቀኑ የወሰደባቸው ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው። በከባዱ የሳቡት የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በአማካይ በ9 ያህል ወረደ። የደም ሥራቸው ውስጠኛ ሽፋን ሥሩን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር የተሻለ ማውጣት መጀመሩም ታየ። ዘጠኝ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚያ ሰዎች ሌላ ከባድ ሕመም አልነበረባቸውም። በእጥበት ላይ ባሉ ታማሚዎች የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች ልምምዱ የመተንፈሻ ጡንቻን እንደሚያጠነክርና የመራመድ አቅምን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ግፊት የሚያወርድ ኪኒን ያስቁማል ያለ ጥናት ግን አንድም የለም። 190 የደረሰ ግፊት በ9 ቢቀንስ 181 ነው፤ 181 ይዞ ቤት መቀመጥ አይቻልም።

መሣሪያውን መግዛት የማይችል ምን ያድርግ? ፊኛ መንፋት ተመሳሳይ ነው ያላችሁኝ አላችሁ። አይደለም፤ ልምምዱ አየር በመሳብ እንጂ በመንፋት አይደለም። ትንፋሽን ይዞ ማማጥም ግፊትን ያወጣል እንጂ አያወርድም። ያለ ገንዘብ የሚቻለው ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ፤ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። በቀን 15 ደቂቃ በቂ ነው። ካዞራችሁ አቁሙ። ውጤቱ መጠነኛ ነው፣ ጉዳት ግን የለውም። ከባዱን መሣሪያ ያገኘ ሰው ግን አስም፣ የሳንባ መቀደድ፣ የጆሮ ታምቡር ችግር ካለበት ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሐኪም ሳያማክር አይጀምር።

ከትንፋሹ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። ኪኒኑ ካለቀባችሁ ወይም ጤና ጣቢያው ከጨረሰ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ ለበጎ ፈቃደኞቻችን ንገሩ። በጾም ወቅት የኪኒን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ እንጂ አታቋርጡ። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ወጥ ላይ የምትነሰንሱት ሮይኮ ሁሉ ጨው እንዳለባቸው አትርሱ። «ለግፊት ተስማሚ» ተብሎ የሚሸጠው ምትክ ጨው ፖታሲየም ስላለው ለታመመ ኩላሊት አደገኛ ነው። ለወገብና ለጉልበት ከመድኃኒት ሱቅ የምትገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊትን ይጎዳል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ያሳስበኛል፤ በየቤቱ የማየው ነውና።

ለበጎ ፈቃደኞች አንድ ነገር ላክል። ቡና በተፈላበት ቤት፣ ሰውዬው በረካውን ጠጥቶ ሳይጨርስ አትለኩ። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ከተቀመጠ በኋላ አምስት ደቂቃ ይሁን፤ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይረፍ፣ አያውራ። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ጻፉ። በተለያየ ቀን 140/90ና ከዚያ በላይ ያገኛችሁበትን፣ የስኳር ሕመም ያለበትን፣ ሽንቱ አረፋ የሚያበዛበትን ወይም እግሩ የሚያብጠውን ሁሉ ለሽንትና ለክሪያቲኒን ምርመራ ላኩ። ስለ ትንፋሹ ስታስተምሩም ሰውዬው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግራችሁ አድርጉ። እኔ ያላደረግሁት ይህንኑ ነው።

እኚያ አባት አሁን ማታ ኪኒናቸውን ከዋጡ በኋላ ሬዲዮኑን ዘግተው 15 ደቂቃ ይተነፍሳሉ። ባለፈው ስለካቸው 138/84 ነበሩ። ቅሬታቸው ሽሮው ጨው አጣ የሚል ብቻ ነው።