ሬዚደንት ሐኪሞች በሆስፒታል የአገልግሎት ጥራት ሥራ ያላቸው ድርሻ

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሌሊቱን ከሕሙማን አጠገብ የሚያሳልፉት በአብዛኛው የስፔሻሊቲ ሥልጠና በመከታተል ላይ ያሉ ሬዚደንት ሐኪሞች ናቸው። የላቦራቶሪ ውጤት ሲዘገይ፣ የታዘዘ ደም በወቅቱ ሳይደርስ ሲቀር ወይም በተረኞች ርክክብ ወቅት አስፈላጊ መረጃ ሲጠፋ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ያዩት ጉድለት ለሆስፒታሉ የጥራት ክፍል ካልደረሰ ግን በሌላ ሕመምተኛ ላይ መደገሙ አይቀርም።

ጥራትን ማረጋገጥና ማሻሻል

ጥራትን ማረጋገጥ አገልግሎቱ በተቀመጠው ደረጃ መሠረት መሰጠቱን መፈተሽ ነው። ጥራትን ማሻሻል ደግሞ የጉድለቱን ምክንያት ለይቶ አሠራሩን መለወጥ፣ ለውጡ ያስገኘውንም ውጤት መለካት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የተዘጋጀው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂም ጥራትን ማቀድን፣ ማሻሻልንና መቆጣጠርን እርስ በርስ የሚደጋገፉ ተግባራት አድርጎ ያስቀምጣል።

አንድ ማሳያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠበቂያ ዝርዝር 19 ነጥቦችን የያዘ ነው። ዝርዝሩ በስምንት አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት፣ የሕሙማን ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ቀንሷል። ከነጥቦቹ አንዱ ኢንፌክሽን ለመከላከል የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱን ይጠይቃል።

አንድ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ይህ መፈጸሙን ለማወቅ የ20 ሕሙማንን ካርድ መርምሮ፣ መድኃኒቱ በብዙዎቹ ላይ ቀድሞ መሰጠቱን አገኘ እንበል። ምክንያቱ ሲጣራ መድኃኒቱ በተኝቶ ማከሚያ ክፍል እየተሰጠ፣ ሕመምተኛው ተራ ሲጠብቅ ሰዓቱ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የነርሷ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። መድኃኒቱ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሰመመን ባለሙያው እጅ እንዲሰጥ በአንድ ክፍል ለአንድ ሳምንት ይሞከራል፤ ውጤቱ ይለካል፤ ከታረመም በኋላ ወደ ሌሎች ክፍሎች ይስፋፋል። ማቀድ፣ መተግበር፣ ማጥናትና ማስተካከል የሚባለው ዑደት ይኸው ነው።

ለተሳትፎው የሚያስፈልጉ ሁኔታዎች

1. ጊዜ፦ የጥራት ሥራ በተረኝነት ላይ የሚደረብ ተጨማሪ ሸክም ሳይሆን በሥልጠና መርሐ ግብሩ ውስጥ ሰዓት የተመደበለት ተግባር ሊሆን ይገባል።

2. ከለላ፦ ስህተቱን የሚያሳውቅ ሐኪም በግልጽነቱ የሚወቀስ ከሆነ ሪፖርቱ ይቋረጣል፤ ጉድለቱ ግን ይቀጥላል። የሞትና የሕመም መወያያ መድረኮችም ማን አጠፋ ከማለት ይልቅ ምን ክፍተት ነበር ብለው ሊጠይቁ ይገባል።

3. ድጋፍ፦ ሬዚደንቱ መድኃኒት የማስገዛት ወይም የሠራተኛ ምደባ የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ በጥራት ኮሚቴው ውስጥ መወከልና በሲኒየር ሐኪም መታገዝ አለበት።

4. ቀጣይነት፦ ሬዚደንቶች ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራሉ፤ ሥልጠናቸውንም ጨርሰው ይሄዳሉ። የተጀመረው ሥራ አብሯቸው እንዳይሄድ ነርሶችና ሌሎች ቋሚ ባለሙያዎች ከመነሻው ሊሳተፉ፣ መረጃውም በጥራት ክፍሉ ሊቀመጥ ይገባል።

የዛሬው ሬዚደንት ነገ ስፔሻሊስት ሆኖ የሌላ ሆስፒታል ክፍል ይመራል። በሥልጠናው ዘመን ጉድለትን ለክቶ ማረምን ከተማረ ልምዱን ይዞ ይሄዳል፤ ጉድለትን አይቶ ማለፍን ከተማረም እንዲሁ።